የገባኝ ባዮች ቤት

ምን ብታይ ጥሩ ነው? መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። በደንብ የተቦረሸ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አርባ አምስት ቁጥር ጫማ፣ ያውም የቤተ መጻሕፍቱ የሕፃናት ክፍል ውስጥ፣ ዝሆን የተሳለበት ምንጣፍ ላይ። ከጫማው በላይ ጉልበት አለ፤ ወንበሩ ለአምስት ዓመት ልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ጆሮ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከጉልበቱ በላይ ደግሞ አጎቷ አሉ።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። እሷ እዚያ የገባችው የትልልቆቹ ክፍል ሞልቶባት፣ የሒሳብ ደብተሯን የምትዘረጋበት ቦታ አጥታ ነው። አጎቷ ግን በዚያ ሰዓት የበረራ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መሆን ነበረባቸው። ጠዋት እንኳን ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሽቶ ነገር ረጨት አድርገው፣ «ሥራ ሄድኩ» ብለው ነበር የወጡት።

«ጋሼ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም፣» አሉ አጎቷ፣ በእጃቸው የያዙትን ካርዶች በስዕል መጽሐፍ ሥር እየደበቁ።

እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከያዘች አትለቅም። አጠገባቸው ሌላ ትንሽ ወንበር ስባ ቁጭ አለች፤ አጎትም ማምለጫ እንደሌላቸው ሲያውቁ ተነፈሱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቷ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእርሻ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ሲያበሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የዛፍ ጫፍ እስኪነኩ ዝቅ ብለው፣ ማሳውን እንደ ሱሪ ተኩስ ቀጥ አድርገው ረጭተው፣ ሽቅብ ብድግ የሚሉ ዓይነት። አሁን ግን የመርጨቱ ሥራ ለድሮን ተሰጠ። አጎትም «እንግዲህ ማብረሩ ቢቀር እናስተምራለን» ብለው ለበረራ አስተማሪነት ተመዘገቡ። የጽሑፍ ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ማብረር፣ ሌላው ስለ ማስተማር። የማብረሩን ዘጠና ስድስት አመጡ። የማስተማሩን ስልሳ ስምንት። ማለፊያው ሰባ ነው። ድጋሚው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ አሁንም ከወደቁ ትምህርት ቤቱ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። በአምሳ ስምንት ዓመታቸው ሌላ አየር ማረፊያ ሄደው ማንንም አይለምኑም፤ ስለዚህ ሐሙስ ማለት ወይ ሰማይ ወይ ሳሎን ነው።

«ግን እኮ ፈተናው ጥሩ ነበር ብለውን ነበር፣» አለች ልጅቷ።

«ፈተናው ጥሩ ነበር። ጥሩ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ወፌ።»

ወፌ የሚሏት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ለማንኛውም ካርዶቹን ተቀበለቻቸውና ትጠይቃቸው ጀመር። የመጀመሪያው ካርድ እንዲህ ይላል፦ አስተማሪው አንድ ነገር አስረድቶ ሲጨርስ ተማሪው መረዳቱን በምን ያውቃል? ሀ፣ «ገባህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለ፣ «ጥያቄ አለህ?» ይለዋል። ሐ፣ ተማሪው በራሱ አባባል መልሶ እንዲያስረዳ ወይም ሠርቶ እንዲያሳይ ያደርገዋል።

«ሀ፣» አሉ አጎቷ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

«ሐ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ ሐ እንደሚል። ትናንትም ሐ ነበር። እንኳን ዛሬ፣ ነገም ሀ ነው የምለው። ይሄን ፈተና ያወጣው ሰው አውሮፕላን በሥዕል እንጂ በአካል አላየም። ሰው 'ገባህ?' ተብሎ 'ገባኝ' ካለ ገባው ማለት ነው፤ አማርኛ እኮ ነው። 'ውሃ ጠማህ?' ስለው 'ጠማኝ' ካለኝ፣ እስቲ ምላስህን አሳየኝ ልበለው?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ አፏን በደብተሯ ሸፈነች። አጎት ሲከራከሩ እንዲህ ናቸው፤ የተሳሳቱ እንኳ ቢሆኑ አባባላቸው ያሸንፋል። እሷ ግን የዛሬ ልጅ ናት፤ ባይሆን ነገሩን በትሕትና ጀመረችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ለትልቅ ሰው 'አልገባኝም' የሚል ማነው?»

«ያልገባው ነዋ።»

«ያልገባው እኮ ነው ቶሎ ብሎ 'ገባኝ' የሚለው። የገባውማ ጥያቄ ይጠይቃል።»

«ተይ እንጂ። አንቺን ራስሽን ስንት ነገር አስተምሬሻለሁ። 'ገባሽ?' ስልሽ ሁልጊዜ 'ገባኝ' አይደል የምትይው?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ቀላች። አምና አጎቷ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሳ በሁለት ስኒና በአንድ ማንኪያ አርባ ደቂቃ ሙሉ አስረድተዋት ነበር። ሲጨርሱ «ገባሽ?» አሉ፤ እሷም «በደንብ» አለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የገባት ማንኪያው ብቻ ነው። አሁን ይሄንኑ ነገረቻቸው።

አጎት ማንኪያው ብቻ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ድምፃቸውንም ሳያስቡት ከፍ አደረጉ መሰለኝ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥታ፣ ትልልቆቹ ትንሽ ዝም ካላሉ ትንንሾቹ ማንበብ እንደማይችሉ በትሕትና አሳሰበቻቸው። አጠገባቸው ያለ የስድስት ዓመት ልጅ በትዝብት ያያቸው ነበር። አጎትም ካርዶቻቸውን ሰብስበው ተነሡ። በአንድ ምስክር ነገር አይጸናም፣ እናትሽ ትጠየቅ አሉ፤ ለሷ ያስረዱት ነገር ሁሉ እንደ ሚስማር የተመታ ነው፣ በተለይ የልብስ ማጠቢያው። እንዲያውም እወራረዳለሁ አሉ።

እናቷ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር ናት። ስልሳ ልጅ ጭና በአንድ መስታወት ስልሳውንም የምታይ ሴት ስለሆነች፣ ከሷ የሚደበቅ ነገር የለም። ሲገቡ እግሯን ዘርግታ ሻይ እየጠጣች ነበር። አጎት ምንም ሳያወሩ ወደ ልብስ ማጠቢያው መሯት። ማሽኑ የተገዛ ጊዜ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ ቆመው አንድ ሰዓት ያስረዷት እሳቸው ናቸው።

«እስቲ ወፍራም ልብስ የሚታጠብበትን አሳዪኝ፣» አሏት።

እናቷ ማሽኑን አየችው። ማሽኑም አያት። ከዚያ እጇ ቀጥ ብሎ የጡጦ ሥዕል ያለበት ቁልፍ ላይ ሄደ።

«ይሄ እኮ የሕፃን ልብስ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ጡጦ አለበት።»

«እና ብርድ ልብሱን በምን ነው የምታጥቢው?»

«በጡጦው።»

«ፎጣውን?»

«በጡጦው።»

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያ ቤት ልብስ በሙሉ፣ የአጎት የሥራ ቱታ ሳይቀር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል እየፈጀ በሕፃን ቁልፍ ሲታጠብ ኖሯል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሕፃን የለም።

«'ገባሽ?' ስልሽ 'ገባኝ' ብለሽኝ ነበር፣» አሉ አጎት ቀስ ብለው።

«ወንድም ጋሼ፣ ያኔ እኮ 'ገባኝ' ያልኩህ እንድትሄድልኝ ነው።»

ልጅቷ ከሳቋ ብዛት ግድግዳ ይዛ ቁጢጥ አለች። አጎት ግን አልሳቁም፤ የማሽኑ ክዳን ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። እናቷ ይሄን ስታይ ድምጿን አለዘበች። ፈተናውን መውደቃቸውን እንደምታውቅ ነገረቻቸው። ኪሳቸውን ስታራግፍ የሕፃናት ክፍል መግቢያ፣ ዝሆን ያለበት ወረቀት ሦስት ጊዜ አግኝታለች። መጀመሪያ በስተርጅና ሊወልድ ነው እንዴ ብላ ደንግጣ ነበር፤ ኋላ ነው የገባት።

«እና ምን ይሁን ነው የምትሉት?» አሉ አጎት። «እኔ ሌላ ማስተማር አላውቅም። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ የተጠቀለለ ካርታ ይዞ አናቴን ቋ እያደረገ 'ገባህ?' ይለኛል፤ 'ገባኝ ጌታዬ' እለዋለሁ። በዚሁ ነው አብራሪ የሆንኩት።»

«ታውቃለህ እንጂ። ይቺን ልጅ ማን አቆማት?»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ልጄ ቆማ ጠበቀችኝ። እዚሁ ሳሎን መሃል ያቆምካት አንተ ነህ። ያኔ ምን አልካት? 'ሚዛን ማለት እንዲህ ነው፣ ገባሽ?' አልካት?»

አጎት ዞረው ልጅቷን አዩዋት። «'ወፌ ቆመች' ነው ያልኳት።»

«ከዚያስ?»

«እጇን ለቀቅኳት።»

«ከዚያስ?»

«ወደቀች።»

«ከዚያስ?»

«ሁልጊዜ በግራ በኩል እንደምትወድቅ አየሁ። ስለዚህ በግራ በኩል ሄጄ ቆምኩ፣» አሉና ራሳቸው የተናገሩትን ሰምተው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ልጅቷ ለምን ወፌ እንደምትባል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እናቷና አጎቷ ሲያስቋት ቆይተው አሁን ሊያስለቅሷት ምንም አልቀራቸውም።

ከዚያ አጎት ተቀመጡና ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሩ። ያ ካርታ የያዘ ሰውዬ አንድ ቀን ነዳጅ ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዞር አስረዳቸው። «ገባህ?» «ገባኝ ጌታዬ።» አልገባቸውም ነበር፤ ግን ማን ካርታ ይብላ? በሦስተኛው ቀን ከባቄላ ማሳ በላይ ሞተሩ ጸጥ አለ። ጋኑ አንዱ ባዶ፣ ሌላው ሙሉ፣ ማዞሪያው በየት በኩል እንደሚዞር ግን አያውቁም። ባቄላው ውስጥ አረፉ። እሳቸውም አውሮፕላኗም ደህና ሆኑ፤ ባቄላው ነው ያልዳነው። ሰውዬው ሮጦ ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቃቸው «ገባህ ብዬህ አልነበር?» ብሎ ነው።

«ስለዚህ ሐ ነው፣» አሉ አጎት በመጨረሻ። «ለካ ሀ ብዬ ስከራከር የኖርኩት ለዚያ ሰውዬ ጥብቅና ቆሜ ነው።»

ቀኑ ሰኞ ነበር። እስከ ሐሙስ ድረስ ያ ቤት ትምህርት ቤት ሆነ። ካርድ መሸምደድ ቀረና አጎት እያንዳንዱን ነገር ለሁለቱ ማስተማር ያዙ። ለምሳሌ አውሮፕላን አፍንጫዋን ከልክ በላይ ስታነሳ ክንፏ ለምን አየሩን መያዝ እንደሚያቅተው አስረዱና «ገባ—» ብለው ምላሳቸውን ነከሱ።

«እስቲ አንቺ ለእናትሽ ንገሪያት፣» አሉ።

ልጅቷም ኮራ ብላ፣ አፍንጫዋን ስታነሳ ሞተሩ ይጠፋና ትወድቃለች አለች። ስህተት ነው። ድሮ ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር። አሁን ግን አጎት ፊታቸው በራ። «በግራ በኩል ወደቀች፣» አሉ እጃቸውን እያፋተጉ፣ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ፣ የተቸገረው ክንፉ መሆኑን ሊያሳዩ ተነሡ። ከካርዶቹ አንዱን አስይዘው ቬንቲሌተር ፊት አቆሟት። ጥቂት ቀና ሲያደርጉት ካርዱ እጇን ሽቅብ ይገፋዋል፤ በጣም ቀና ሲያደርጉት ይንቀጠቀጥና ይለቃታል። ቬንቲሌተሩ ግን መዞሩን አላቆመም። ያን ቀን እውነት ገባት፤ አሁን ብትጠይቋትም ታስረዳችኋለች።

ሐሙስ ዕለት እናትና ልጅ ባዶ አውቶብሳቸውን መፈተኛው በር ላይ አቁመው ጠበቁ። አጎት ወጡ። ሲራመዱ ፊታቸው እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው። መጡና የአውቶብሱ ደረጃ ላይ ቆሙ።

«ያ ጥያቄ መጣ፣» አሉ።

«እና ምን አሉ?» አለች ልጅቷ።

«ሀ ልል ነበር፣ እጄ ለምዶ። ከዚያ ጡጦው ትዝ አለኝ።» ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ዘጠና አራት። «ሦስት ስቻለሁ፤ ግን በየት በኩል እንደወደቅኩ አውቃለሁ።»

እናቷ ጥሩምባውን ነፋችው፤ መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየ።

ያቺ «ገባኝ» የምትባል አንዲት ቃል ከዚያ ቤት ከወጣች ወዲህ የመጣውን ለውጥ ማን ይቆጥረዋል? ልብሱ አሁን በአርባ ደቂቃ ይታጠባል፤ የእናቷ ሹራብም ሱፍ ማጠብን በተማረች ጊዜ አንዴ ብቻ ተኮማትሮ ዳነ። ልጅቷ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ «አልገባኝም» አለች፤ መምህሩ ቁጣ ሊጀምሩ ሲሉ ሌላ አሥራ ሰባት እጅ ወጣ፤ እሳቸውም ቾካቸውን አንሥተው እንደ አዲስ ጀመሩት። «አልገባኝም» ማለት ነውር የሆነበት ቤት የሚያፈራው ሳይገባው ራሱን የሚነቀንቅ፣ ነቅናቂ ነው፤ ነቅናቂ ደግሞ ሲነቀንቅ ኖሮ አንድ ቀን ባቄላ ውስጥ ያርፋል። ማክበርስ ማክበር ነው፤ ግን ትልቅን ሰው ከማታለል የበለጠ ንቀት የለም፤ «ገባኝ» ብሎ ማታለልም ማታለል ነው።

የአጎት የመጀመሪያ ተማሪ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናት። በጣም ጨዋ ስለሆነች ሁሉንም ነገር «ገባኝ» ትላለች። እሳቸውም «ደስ ይላል፤ እስቲ አሳዪኝ» ይሏታል። አውሮፕላኗ ስትነሳ ወደ ግራ መሳብ ትወዳለች፤ ዳቦ ጋጋሪዋም አብራት ትሳብ ነበር፤ ይሄን ያዩት ሲያሳዩዋት ሳይሆን ስታሳያቸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጎት ከአውሮፕላኗ ወረዱ፣ በሩን ዘጉ፣ ክንፉን መታ መታ አድርገው ዞር አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትበር ነው። ልጅቷ ሣሩ ላይ አጠገባቸው ቆማ ስታያቸው፣ ሁለት እጃቸውን ከጎናቸው ከፈት አድርገው ይዘዋል፤ የሚወድቅ ነገር እንደሚቀበል ሰው። አውሮፕላኗ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ቀጥ ብላ መሬቱን ለቀቀች።

«ወፌ ቆመች፣» አሉ አጎት በቀስታ።

ከዚያ ሳያስቡት ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደው ቆሙ።