የአባዬ ማተሚያ ዝም ካለ ወዲህ

— ሄሎ... ማን ልበል?... ወይ፣ ማሙሽ! በማን ስልክ ነው የምትደውለው?... የመሥሪያ ቤቱ። እሺ። እኔማ ቁጥሩን ሳላውቀው ላላነሳው ነበር።

— ደህና ነን። ደህና ነን እንበል... አይ፣ አልተኛሁም። ማለት... ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ በመጋረጃው ስትገባ ቤቱ ሁሉ ማር መስሏል፣ እና በዚያ መሃል... ሕልም በለው ሌላ፣ ማተሚያው ሲያወራ ሰማሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ፣ እንደ ድሮው። ልነሳና ወረቀቱን ልቀበለው ስል ለካ ያንተ ስልክ ነው።

— አባዬ?... እዚሁ ነው፣ መስኮቱ ሥር። ማተሚያው ላይ እጁን ጭኖ ተቀምጧል... አዎ፣ ዛሬም። እንደ ተኛ ድመት ቀስ አድርጎ ይደባብሰዋል... ቆይ አንዴ። እትዬ፣ ያን ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ሳብ ያድርጉለት እስቲ... ጎረቤታችን ናቸው። ስወጣ አብረውት ይቀመጣሉ፤ ዛሬ እኔም ሳልወጣ መጡ።

— አይ፣ አልተቆጣሁህም... አልተቆጣሁም አልኩህ እኮ... እሺ፣ ተቆጥቼ ነበር። አንተ ደግሞ ነገር ታወጣጣለህ። እህቱ ገበያ እስክትወጣ አድፍጦ ኮምፒውተሯን በአዲስ ቀይሮ የሚጠብቃት ወንድም ካንተ በቀር አላየሁም... ስጦታ መሆኑንማ አውቃለሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጥርት ብሎ፣ ሁሉ ነገር ፈጣን... እድሜ ይስጥህ ብዬ መርቄ አልሸኘሁህም? አንተ ከአውቶቡስህ ሳትወርድ ነው ጉዱ የፈላው።

— እንደ ልማዴ ለአባዬ የቀኑን ወሬ ጻፍኩለት። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ መንገድ ላይ ምን ታየ፣ አንተ እንዴት እንደ ከሳህ... ከስተሃል እንጂ... ጻፍኩና አትም አልኩት። ዝም። እንደገና አትም። ዝም። አባዬ ወረቀቱ በሚወጣበት በኩል እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

— አስጠግኜዋለሁ እንጂ! ማለት ወስጄው ነበር፣ እዚያ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ። ገልብጦ አየው፣ አገላበጠው፣ በመጨረሻ «ቀለሙ በየት ነው የሚገባው?» አለኝ... እውነቴን ነው። ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አባቴ ዓይነ ስውር ሆኖ ነው የተወለደው፤ ጆሮውም ካረጀ ወዲህ ከድቶታል፤ የሰው ነገር የሚሰማው በጣቱ ብቻ ነው። ይሄ ብሬል ማተሚያ ነው፣ ቀለም አያውቅም፣ ወረቀቱን እየወጋ ነጥብ ያወጣል አልኩት። አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ። ማተሚያውን ግን አሮጌ ነው፣ ጥለሽ አዲስ ግዢ አለኝ። እንደ ጫማ የትም የሚሸጥ መስሎት።

— ሲዲው አለ፣ ከማተሚያው ጋር የመጣው። ግን የት ላጉርሰው? አዲሱ ኮምፒውተርህ አፍ የለው።

— እንግዲያው ቀስ ብለህ አስረዳኝ። ማተሚያው ደህና ነው ትላለህ፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ ማነው የታመመው?... ድራይቨሩ... እህ... መሃል ተቀምጦ ኮምፒውተሩ ያለውን ለማተሚያው በቋንቋው የሚነግር... ቆይ፣ ቆይ። አባዬ ስልክ ቤት ይሠራው የነበረውን ነው እኮ የምትለኝ! አንዱ ደውሎ እገሌን ሲለው ገመዱን ሰክቶ የሚያገናኘው... አዎ። እንዲያ ብትለኝ ኖሮ መቼ ያከራክረን ነበር።

— እሺ፣ አገናኙ አርጅቶ ነው?... አላረጀም? አንድ ፊደል አልተለወጠም?... አሃ። እሱ ያው ነው፣ ቤቱ ነው የተለወጠበት።

— እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል... የድሮው ሲስተም እልፍኝ ድረስ ያስገባው ነበር፣ ልቡ ድረስ... እሺ... እዚያ ገብቶ አንዴ ከተደናቀፈ ደግሞ ቤቱ ባንድ ጊዜ ይወድቃል... አስታወስኩት፣ ያ ድንገት ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ የሚለው! ለዚህ ነዋ... እና አዲሱ በሩ ላይ ዘበኛ አቆመ። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አቆማለሁ... ፊርማ ይጠይቃል? የማን ፊርማ?... የሠሪው። ሠሪው ድርጅት እኮ ከተዘጋ ቆየ፣ ማሙሽ። ከሞተ ሰው ፊርማ ከየት ይመጣል?

— ሌላም አለ?... ሠላሳ ሁለት የነበረው ስልሳ አራት ሆነ። ምኑ ነው ስልሳ አራት?... አድራሻው ረዘመ... የስልክ ቁጥር አሃዝ እንደሚጨመረው ማለት ነው? አገናኙ የሚያውቀው አጭሩን ቁጥር ብቻ ነው፣ አዲሱ ቤት ደግሞ በረጅሙ ካልሆነ አይደወልም... ገባኝ። ምስኪን። ሥራውን አሳምሮ እያወቀ በር ላይ ቀረ።

— አውቶማቲክ ስልኩ ሲመጣ አባዬን እንዳሰናበቱት... ሳቅህ?... አልሳቅህም፣ እሺ። አንተ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ቤት ሲገባ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆሞ «ሰዎቹ ያለ እኔ መገናኘት ቻሉ» አለ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

— ሄሎ?... አለሁ። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፣ ድስት ጥጄ መስኮቱን አያለሁ። ቤቱ ዝም ሲል ሰውም አብሮ ይፈዛል።

— በእጅ? እጽፍለታለሁ እንጂ፣ በብሬል መውጊያዋ። ግን ታውቀኛለህ፣ ተገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወጋ ራሴ ይዞራል። አንዷን ቃል እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል። «ምሳ።» «ዘነበ።» «መጣሁ።» ይኸው ነው... ያነበዋል። ያነብና ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ይከታታል።

— መጠየቅ አቆመ እኮ፣ ማሙሽ። ድሮ ገጹን ሳይጨርስ «ከዚያስ?» ነበር፤ እኔን ወሬ የሚያስፈበርከኝ እሱ ነበር። አሁን የሰጡትን ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ደሞ ይተኛል... ፈርቻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ፈርቻለሁ። ዓይኔ እያየ ከእጄ እየሾለከ ያለ ነው የሚመስለኝ። ሳቅፈው ያቅፈኛል፣ ግን ሩቅ ነው።

— አይ፣ ባንተ ላይ ለመጫን አይደለም። ነግሬህ ቀለለኝ።

— አሁን?... እዚያው ሆነህ ልትሞክረው?... ተነሳሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ነኝ። በርቷል... ቁጥሩን አየሁት፣ ላንብልህ?... አነበብኩልህ። ፍቀድ የሚለውን ልንካ?... ነካሁ።

— ቀስቷ ብቻዋን ሄደች... እትዬ፣ አይደንግጡ፣ ወንድሜ ነው። ከሩቅ ሆኖ ነው የሚያንቀሳቅሰው... ምን ብዬ ላስረዳቸው፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ በሩ ተጠጉልህ። እኔ ራሴ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳየው ውሃ ላይ የምትሄድ ቅጠል መስላኛለች። እጅህን ያየሁት መሰለኝ።

— አንድ መስኮት ተከፈተ... ጥቁር ነው... ጽሑፍ ወረደ... ጠፋ... 

— ማሙሽ።

— የድሮው ነው። ከነሥዕሉ... ከነሐይቁ። ፋይሎቼ በየቦታቸው፣ ያ ተሰብሮ የቀረው የቀን መቁጠሪያም ሳይቀር... አጥፍተኸው አልነበር?... ሳታጠፋ ገልብጠህ ይዘኸው ነበር? ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም የምትለኝ... ይሥራ አይሥራ ሳታውቅ ተስፋ እንዳትሰጠኝ። እሺ። ይሁን። አንተም የአባትህ ልጅ ነህ።

— ቆይ፣ የቱ ነው እውነተኛው? አዲሱ ቆሟል፣ አሮጌው ደግሞ ውስጡ ተቀምጧል... ኮምፒውተሩ አሮጌ ነኝ ብሎ እያለመ ነው በለኛ... ሳቅ፣ ሳቅ፣ ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም?... ይኸው። በሕልሙ ውስጥ አገናኙ የለመደው ቤት ነው ያለው። ዘበኛ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቁጥሩም አጭር... ግን ማተሚያው በውን ነው ያለው፣ የሕልሙን እንዴት ይሰማል?... ገመዱን ለሕልሙ እናስረክባለን። እሺ። አንተ ታውቃለህ።

— ከኢንተርኔት እንዳላገናኘው... ለምን?... አዎ፣ ዘበኛ የለውማ፣ ያገኘው ሁሉ ይገባበታል። አልነካውም... ለጊዜው ነው፣ ይገባኛል። እኛስ ለጊዜው አይደለን?

— በል ልጻፍ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤሃለሁ፣ ብዙ አታናግረኝ... ምን እጽፋለሁ፣ የተጠራቀመውን ወሬ ነዋ። የእትዬ ምጣድ... ይቅር እሱ፣ እየሰሙኝ ነው። የላይኛው ሰፈር መንገድ መቆፈሩን፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ መታጨቷን፣ የኛ ዛፍ እንዴት እንዳበበ... እየጻፍኩ ነው... እየጻፍኩ ነው... ይሄንንም ይሄንንም ስል ገጹ ሞላ። እንዲህ ርቦኝ ነበር ለካ።

— አትም አልኩት።

— ...ዝም ነው።

— ጠብቂ ካልክ እጠብቃለሁ... ነቅዬ ልሰካው?... ነቀልኩ። አባዬ ቀና አለ፣ ገመዱ ሲሳብ ተሰምቶት ይሆናል... ሰካሁ... መብራቷ በራች... ወረቀቱ ትንሽ ሳብ አለ... 

— ሰማህ? ቆይ ስልኩን ላስጠጋልህ... ሰማህ? ማሙሽ፣ እያወራ ነው!

— እትዬ እያለቀሱ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ... አባዬ ተነስቶ ቆሟል። ሁለቱንም እጁን ክዳኑ ላይ ጭኗል፣ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፊቱን ብታየው... አይ፣ ፎቶ አላነሳም፣ ተወኝ፣ ልየው።

— አለቀ። ወረቀቱን ቀድዶ ወሰደ... አላነበበውም። መዳፉን ከላይ እስከ ታች እያስኬደበት ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ ሊያውቅ መሰለኝ። ሙሉ ነው፣ አባዬ፣ ሙሉ ነው... እኔ ደግሞ ለማን እንደማወራ።

— ተናገረ። ሰማኸው?... ጮክ ብሎ ነው እንጂ፣ እንዴት አልሰማህም... ቆይ፣ ቆይ... እኔ...

— «ታረቅሽኝ?» አለኝ።

— ታረቅሽኝ ነው ያለው፣ ማሙሽ። ሌላ ቃል አይደለም። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ወደኔ ዞሮ ነው ያለው።

— ምን አስቀየመኝ?... ምንም! ያቺ በመውጊያ የምጽፋት አንዳንድ ቃል ነች እንጂ። «ምሳ።» «መጣሁ።» አኩርፎ ከሰው ጋር እንደሚኖር ሰው ባጭር ባጭሩ... አልነገርኩትማ። ተበላሸ ብዬ አልነገርኩትም። እንዳይሰጋብኝ ብዬ፣ ነገ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል እያልኩ። እኔ ማሽኑ ዝም አለ እላለሁ፣ እሱ እኔን ነው ዝም ያለችኝ የሚለው። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ምን እንዳጠፋ ሲያስብ...

— ሄሎ?... አለህ?... አታልቅስ። ያንተ ጥፋት ነው አላልኩም፣ የማንም አይደለም... ቢሆን እንኳ አሁን ለሱ ጊዜ የለኝም።

— ዝጋ በቃ፣ ማሙሽ። ስለ ዛፉና ስለ መንገዱ ማንበብ ጀምሯል፣ እዚያ ውስጥ መልሱ የለም። ቀድሜ «አልተቀየምኩህም» ብዬ ልጻፍለት። ዝጋ።