ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው የአቶ ኦርቪል ታከት ቅኝት

የአቶ ኦርቪል ታከትን ዜና ሕይወት ከማንበቤ በፊት፣ እኚህ ሰው ከላውረል ሸለቆ የሙዚቃ ባንድ የወጡት በእኔ በዳርላ ስታምፐር ወሬ መሆኑን መናገር አለብኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢሞጂን ይህን እያወቁ፣ "አንቺው አንብቢው" ብለውኛል።

አቶ ኦርቪል ከአባታቸው ከአቶ ሂራም ታከትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፋ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ጢማቸው ሳያቀመቅም ወደ ከሰል ማዕድን ገቡ፤ ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ግን ከአያታቸው በጆሯቸው ብቻ ተማሩ። ከአባቴ ከዴልበርት ጋር ባንዱን ካቋቋሙም በኋላ፣ ሳምንቱን ሁለቱም ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍሩ ሰንብተው፣ ዓርብ በመንገድ ላይ ፊታቸውን ታጥበው፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ፣ በየአውራጃው ትርኢትና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲጫወቱ፣ መኪና ውስጥ እያደሩ ብዙ ዘመን አሳለፉ። ወይዘሮ ኢሞጂንንም በአንዱ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ አግኝተው አገቡ።

ወደ መድረክ ከመውጣታችን በፊት የሁላችንንም መሣሪያ የሚቃኙት እሳቸው ነበሩ። እኔ ቫዮሊን ተጫዋች ሆኜ በገባሁ ጊዜ ግን፣ ከቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ጋር ሳስተያየው፣ ቅኝታችን ግማሽ ድምፅ ወርዶ አገኘሁት። የአቶ ኦርቪል ድምፅ ወፍራም፣ የመሪ ዘፋኛችን የአባቴ ግን ቀጭን ነበርና ጠረጠርሁ።

"አባዬ፣ ቅኝቱን አውርዶታል" አልሁ። "ለራሱ እንዲመቸው ነው፤ ቦታህን ፈልጎ ነው።"

ቅኝቱ መውረዱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን ከራሴ ጨመርሁት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ፣ ጓደኛቸው ሲያንጎራጉሩ የሚለማመዱ፣ ዝም ሲሉም የሚያሤሩ እየመሰላቸው፣ መኪና ውስጥ ከጎናቸው መቀመጥ ትተው ከኋላ ሆነው የጓደኛቸውን ማጅራት ይጠብቁ ጀመር። በመጨረሻም በአንድ ትርኢት ላይ ከመድረክ ጀርባ ያዟቸው።

"ጊታሬን ማን ዝቅ አደረገው፣ ኦርቪል?"

"እኔ ነኛ። አንተ እኮ የበር ሲጥታና ዜማ የማትለይ ሰው ነህ።"

"ቀልዱን ተወው። ቦታዬን ፈልገህ ነው?"

አቶ ኦርቪል ወደ እኔ አየት አድርገው ጊታሩን ተቀበሉ። "ይኸው፣ ወደ ላይ መለስሁልህ። ብቻ ከመዝፈንህ በፊት ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣ፣ ወንድሜ።"

ባንጆአቸውን ሣጥኑ ውስጥ ከትተው ሄዱ።

የዚያን ቀን የአባቴ ድምፅ ከፍተኛው ስንኝ ላይ በሕዝብ ፊት ተሰበረ። ለካ የከሰል ብናኝ ሳንባቸውን በልቶት ኖሯል፤ አቶ ኦርቪልም ይህን ከአባቴ ድምፅ ቀድመው ሰምተው፣ ጓደኛቸውን ሳያሳፍሩ፣ መዝፈኑ እንዲቀላቸው ቅኝቱን አውርደውት ነበር። ያኔውኑ ገባኝ፤ ለአባቴ ግን እውነቱን አልነገርሁም። ባንዱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። አባቴ እስከዚች ደቂቃ ድረስ ጓደኛቸው እንደከዷቸው ያምናሉ፤ ዛሬ በሩ አጠገብ የተቀመጡትም ስለዚህ ነው።

አቶ ኦርቪል በዚያው በማዕድን ሠራተኞች የሳንባ በሽታ ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢሞጂንን፣ ሴት ልጃቸውን ሮክሳናን፣ ወንድ ልጃቸውን ቨርጅልን ትተው ሄደዋል። ዝቅተኛውንም ድምፅ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ያኑርልን።

መቃብሩ ላይ ለምንዘምረው መዝሙር መሣሪያዎቹን የቃኘሁት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ። አባዬ፣ ለአንተ እንዲመችህ ነው፤ ከበሩ ተነሥና ወደዚህ ቅረብ።

ወይዘሮ ኢሞጂን፣ አባዬ፣ የተሰበሰባችሁም ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።