ለሸሚዝ የተነገረ ፈረንሳይኛ

የሆቴሉ አንጋፋ እንግዳ ተቀባይ ኮቱን ሊወስድ ወደ ልብስ መተኮሻው ክፍል ሲወርድ፣ ከበሩ ኋላ የሴት ድምፅ በፈረንሳይኛ ሲንቆረቆር ሰማና ቆመ። ድምፁን ያውቀዋል። ከሦስት ቀን በፊት አንድ የውጭ እንግዳ ሻንጣው ጠፍቶበት ሲጮህ፣ እሱ መዝገበ ቃላቱን እያገላበጠ ሳለ፣ አንሶላ ታቅፋ የምታልፈው ልብስ ተኳሽ ነገሩን በሁለት ደቂቃ ጨርሳው ነበር። ሥራ አስኪያጁም ይህን አይቶ፣ «የውጭ እንግዶችን የሚቀበለውን ሰው ሰኞ ፈትኜ እመርጣለሁ» አለ። ሃያ ዓመት የቆመበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል፤ ቅናት መሆኑን ግን ለራሱ እንኳ አላመነም።

«አሃ! እንግዳ እየጠራች በሥራ ሰዓት ትማራለች ለካ!» አለና እጅ ከፍንጅ ሊይዛት በሩን በረገደው።

ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ካውያዋን እንደያዘች አንድ የተሰቀለ ሸሚዝ ትቆጣለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ውይ ጋሼ፣ አስደነገጡኝ! ከሸሚዙ ጋር ነዋ። ቁልፉን የት እንደጣለው እየጠየቅኩት ነው።»

ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ ቅናቱ አላስቻለውም። «እኔ ሦስት ጊዜ ኮርስ ወስጄ የምስክር ወረቀት አለኝ። መዝገበ ቃላቴን ከዳር እስከ ዳር አስምሬበታለሁ። አንቺ ከሸሚዝ ጋር እያወራሽ ልትበልጪኝ?»

«በእውቀትማ ይበልጡኛል፣ ምን ጥያቄ አለው። ግን አይቆጡኝና፣ በፈረንሳይኛ አፍዎን የከፈቱት መቼ ነው?»

ዐረፍተ ነገሩ በልቡ ሳይስተካከል አንድም ቃል አውጥቶ አያውቅም፤ ሲስተካከልለት ደግሞ እንግዳው ሄዷል። የብዙዎቻችን በሽታ ይኸው ነው። ቋንቋን እንደ ክት ልብስ አጣጥፈን እናስቀምጥና ልንለብሰው ስንል ጠቦ እናገኘዋለን።

«እሺ፣ ምስጢርሽ ምንድን ነው?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ምን ምስጢር አለው ጋሼ? ጠዋት አምስት ቃል ብቻ እይዛለሁ፤ ያውም ቀኑን ሙሉ የምነካቸውን፣ ካውያ፣ እጅጌ፣ እድፍ። ቃሉን ለብቻው አልይዘውም፤ ‹እድፉ አልለቅ አለ› ብዬ ነው የምይዘው። በእረፍቴ ሩብ ሰዓት ሬዲዮ እሰማና ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። የተሳሳትኩትን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ በማግስቱ ከእሱ እጀምራለሁ። አንድም ቀን አልዘልም።»

«ሰው ሲስቅብሽስ አታፍሪም?»

«አፍር ነበር እንጂ! ለዚህ እኮ ነው ከሸሚዝ የጀመርኩት፤ ሸሚዝ አይስቅም። ይኸው ኮትዎ። ይሞክሩት።»

ከገዛ ኮቱ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስት ስሕተት ያለበት ዐረፍተ ነገር ከአፉ ወጣ። አላረመችውም። «ሌላ» አለችው።

ሰኞ ፈተናውን እሷ አለፈች፤ የውጭ እንግዶቹም ለእሷ ሆኑ። እውነቱን ለመናገር፣ እንኳን ደስ አለሽ እንኳ አላላትም። ማክሰኞ ግን ደብተር ገዝቶ ወደ ባዶው መተኮሻ ክፍል ወረደ፤ በማግስቱም እንዲሁ።

በሦስተኛው ወር፣ እሷ ዕረፍት በወጣችበት ቀን፣ አንዲት አዛውንት እንግዳ የልብ መድኃኒታቸውን አውሮፕላን ላይ ረስተው መጡ። እሱ መዝገበ ቃላቱን አልነካም። እየተሳሳተ ጠየቃቸው፣ እየተሳሳተ አጽናናቸው፣ ፋርማሲ ድረስም እየተሳሳተ አደረሳቸው። ሴትየዋ እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉ። ሃያ ዓመት የተሰመረበት መዝገበ ቃላት ያላመጣለትን፣ በቀን ሩብ ሰዓትና ትንሽ ድፍረት አመጡለት። ሥራ አስኪያጁም የውጭ እንግዶችን የከሰዓት ተራ መለሰለት።

በማግስቱ ደብተሩን አሳያት።

«በአንድ ቀን አሥራ አንድ ስሕተት?» አለች ከእጁ ነጥቃ። «እኔ ሳምንቱን ሙሉ አራት ብቻ ነው ያለኝ! ከማን ጋር ይህን ሁሉ አወሩ ጋሼ?»

ፊቷን አየው። ያን የቅናት ፊት ያውቀዋል፤ ሦስት ወር ሙሉ በመስታወት ሲያየው የከረመው የራሱ ፊት ነው።

«ወደ ሸሚዞችሽ ተመለሽ» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከልቡ ሳቀ።