ደጅ የሚበላበት ቤት

ጎፋ በሚሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት አባቱን እንደደገፈ ፊት ለፊቱ፣ ከእኔ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ጠየቃት።

«እህቴ፣ ደጅ ተቀምጦ የሚበላበት ጥሩ ቤት ታውቂያለሽ? ከጅማ ነን። አባቴ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። ከሁለት ወር በኋላ ገና ዛሬ ምግብ አማራቸው፤ ጣሪያ ሥር ግን አልበላም አሉ።»

«የቀበሌያችን መዝናኛ ዛፍ አለው። ጥብሳቸውም ይጣፍጣል።»

«እሰይ።»

«ግን ዛሬ ስብሰባ አለ። ደጅ ያገኙትን ሁሉ ያስገባሉ።»

«የታመመም ሰው?»

«ጥብስ እየበላ ታምሜያለሁ ቢል ማን ያምነዋል?»

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባባ፣ ውስጥ ብንበላስ?»

«ደጅ ነው የምበላው።»

«ስብሰባ ያስገቡዎታል።»

«ከበላሁ በኋላ ያስገቡኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አሸልባለሁ።»

እኔም ሳቄን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ስለ መዳናቸው በልቤ ተመስገን አልኩ።