የትኛው ታክ?

— ሄሎ… ሄሎ? አቤት፣ የታክ ቤት ነው… ማን ልበል?… ጮክ በይ፣ አይሰማኝም!… ሚራን! አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው በሥራ ቀን ደወልሽ? አሞሽ ነው?… ካላመመሽ ጥሩ… አይ፣ ጎመን ላይ ጨው እየነሰነስኩ ነበር። ብርዱ ሳይገባ እንሥራዎቹን መሙላት አለብኝ፤ የሚያግዘኝ እንደሆነ የለም። በይ ንገሪኝ።

— አያትሽ? አሉ። ወዲያ ክፍል ጋዜጣቸውን ይዘው ተቀምጠዋል… ለምንድን ነው ድምፄን የምቀንሰው? መስመሩ እኮ ነው የሚያስጮኸኝ… እሺ። እሺ አልኩሽ፣ ቀነስኩ።

— ማን?… ታክ?… የትኛው ታክ? ልጄ፣ እዚህ ሶልጎል መንደር እኮ ከእኔና ከውሻው በቀር ሁሉም ታክ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ነው?… ጓንግጁ ከተማ ያለው ጥርስ ነቃዩ?… ብራዚል ሄዶ ልብስ የሚሰፋው?… ታዲያ የትኛው ነው? ስሙን አትነግሪኝም?

— ታክ ሙንሶፕ… ቆይ፣ ቆይ። ያ ምሁሩ አይደለም? የተራራውን ገዳም አሮጌ ደወል ጽሑፍ ያነበበው?… አውቀዋለሁ እንጂ! አያትሽ ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ ከቦክሰኛው ታክና የአየር ጠባይ ከምትናገረው ታክ መሀል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኼ የኛ ደም ነው» ይላሉ። ፖስተኛው እንኳ ሰልችቶት አሁን አሁን በር ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው… እና ሰውየው ምን ሆነ?

— ምን?… ሄሎ? ሄሎ፣ መስመሩ ተበላሸ፤ «ላገባው ነው» ያልሽ መሰለኝ… ሄሎ?… አልተበላሸም።

— ቆይ፣ ልቀመጥ።

— እየሰማሁሽ ነው… ከየት ነው ደግሞ ያገኘሽው? አንቺ ለጥናትሽ የባሕር አረም ስትለቅሚ የምትውዪ፣ እሱ ገዳም ለገዳም የሚዞር… እንዴት?… መጽሔቱ ተሳሳተ? የማን መጽሔት?… እሺ፣ በፈረንጅ ፊደል ስማችሁ ሲያጥር አንድ ዓይነት ሆነ፤ የአንቺን የአረም ጽሑፍ ለእሱ ላኩት፣ የእሱን የደወል ጽሑፍ ለአንቺ… እና ሊመልስልሽ መጣ… ከማምጣቱ በፊት አነበበው? ሙሉውን? እኔ ወልጄሽ እንኳ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍኩም!… ሁለት ዓመት? ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ? አንቺ ልጅ!

— አባባ? ምንም አይደለም! ሚራን ናት!… ማንም አልሞተም!… ስለ… ስለ ባሕር አረም እያወራችኝ ነው!… ሰላም ትልዎታለች!

— አያትሽ ናቸው። ጆሯቸው ሲፈልግ ይሰማል፣ ሲፈልግ ይደነቁራል፤ ዛሬ ሊሰማ ያሰበ ይመስላል… ሚራን፣ ስሚኝ። ምን እያልሽ እንደሆነ ገብቶሻል? እሱ የሶልጎል ታክ፣ አንቺ የሶልጎል ታክ። አንድ የዘር ስም፣ አንድ ሥር! እኛስ እሺ ብንል ሕጉ አንድ ስምና አንድ ሥር ያላቸውን አያጋባም… ሄዳችሁ ነበር? ጋብቻ ልታስመዘግቡ? ሳትነግሪኝ?… ጸሐፊዋ ምን አለች?… «ወንድምና እህት ናችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ»? ሰው ሁሉ እየሰማ?… ሳቁባችሁ… አንቺስ ምን አልሽ?… ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ። እሱስ?… እሱም። ያን ሁሉ ያስተማርኩሽ ደረጃ ላይ ተቀምጠሽ እንድታለቅሺ ነው? አይዞሽ። አይዞሽ፣ አሁን አታልቅሺ፣ ስታለቅሺ አትሰሚኝም።

— እንዴት ታክ አይደለም? አሁን ታክ ነው አላልሽኝም?… ታክ ነው ግን ታክ አይደለም። ሚራንዬ፣ ጭንቅላቴ ዞረ። ከሥሩ ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

— አባቱ… እሺ… በጦርነቱ ጊዜ… ሞክፖ ወደብ ላይ ተገኘ። ብቻውን?… ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን! ውይ፣ እናቱን… እሺ፣ ከዚያ… ልጆች የሚሰበሰቡበት መጠለያ ገባ። እዚያ አንድ ወጥ ሠሪ ነበረ። ወንድ ወጥ ሠሪ?… እሺ፣ ጦርነት ነው። እሱ ነው ታክ? የዚህ የሶልጎል?… ምን አደረገ?… ስም የሌላቸውን ልጆች በሙሉ በራሱ ስም አስመዘገባቸው? ሁሉንም?… መንደሩንም ጭምር? «የትውልዳቸው ሥር ሶልጎል ነው» ብሎ?

— ኧረ ጉድ ነው። እና አሁን አገሩን ሞልተውታል በይኛ… ባቡር ነጂ… መነኩሴ… ደሴት ላይ አስተማሪ… ሁሉም የሶልጎል ታክ፣ ሶልጎልን ግን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ። እኔ ደግሞ የማላውቀው ታክ ቲቪ ላይ በወጣ ቁጥር «ይኼ የማን ልጅ ነው?» ስባል የኖርኩት!

— ታዲያ ደም የለማ! ደም ከሌለ ምን ያስለቅስሻል? ለዳኛ ንገሩዋ!… አሃ። ወረቀቱ ታክ ነው ይላል። ዳኛው ሽማግሌ ይፈልጋል። የሶልጎል ትልቅ ሰው ቀርቦ «ይኼ ሰው የእኛ አይደለም» ብሎ እንዲመሰክር… ሚራን፣ አያትሽን ነው የምትይው? ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ሰው ፍርድ ቤት ቆመው «አላውቀውም» እንዲሉ? አባትሽ በሕይወት ቢኖር እንኳ ይኼን አፍ አውጥቶ አይጠይቃቸውም ነበር።

— ሌላም አለ? ደግሞ ምን?… የልጁ አባት እምቢ አለ? ለምን? ለልጁ ብሎ አይደለም እንዴ?… ምን ሠርቶ ነው የሚኖረው?… ጀልባ ቀለም ይቀባል። እሺ፣ ምን አለ?… እንደገና በይልኝ።

— «ሶልጎልን ከወሰዳችሁብኝ ከየት ነኝ ልበል?» አለ።

— አይ፣ አለሁ… ምንም አልሆንኩም። ስሚ፣ እኔ ራሴ እኮ ታክ አይደለሁም። በአባቴ ቤት ስም ፒዮ ነኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለታክ መቃብር ምግብ ስጠብስ፣ ለታክ ሙታን ሩዝ ስቀቅል ኖርኩ፤ በየዓመቱ ኮረብታው ላይ ለቀደሙት ሙታን ሲሰግዱ ግን እኔ የምቆመው ምጣዱ ጋ ነው። ያን ሰው አላውቀውም፤ ያለው ግን ገብቶኛል።

— ሚራን… በሩ ላይ ቆመዋል… ማን ይሆናል፣ አያትሽ ናቸዋ! አባባ፣ መቼ ተነሡ?… ሁሉንም አልሰሙም፤ ግማሹን ነው የሰሙት፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። «የደወሉ ምሁር ሊጠይቀኝ ሊመጣ ነው?» ይላሉ። ፊታቸው በርቷል። አሁን ምን ልበላቸው?… እኔ? ለምን እኔ? የምታገቢው አንቺ!… እሺ። እሺ፣ ግን አትዝጊው። ከዘጋሽው አለቀልሽ።

— አባባ፣ ይቀመጡ… ግድ የለም፣ እዚህ ይቀመጡ። ሚራን የደወሉን ሰው ልታገባው ትፈልጋለች… አዎ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን… አዎ፣ ታክ ነው… አይ፣ ታክ አይደለም… አባባ፣ እኔም አልገባኝም ነበር፣ ይስሙኝ፤ አይጩኹ፣ ልጅቷ ትሰማለች! አባትየው በጦርነቱ ወደብ ላይ የተገኘ ልጅ ነው። የመጠለያው ወጥ ሠሪ ነው ስሙን የሰጠው፤ የዚህ የእኛ መንደር ሰው… እኔ ምን አውቃለሁ? ቆይ ልጠይቃት። ሚራን፣ ወጥ ሠሪው ማን ይባላል? እየጠየቁ ነው… ታክ ጓንሶክ። አባባ፣ ጓንሶክ ይባላል ትላለች።

— ሄሎ… አዎ፣ አለሁ። አያትሽ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወለሉን እያዩ ነው… አባባ? ያውቁታል?

— ያውቁታል! ያውቁታል ሚራን። የአጎታቸው ልጅ ነው። በልጅነቱ ከቤት ጠፍቶ ወደ ባሕር ሄደ፤ ሸምግሎ ተመለሰ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከወፍጮው ኋላ ባለች ጎጆ ብቻውን ሞተ… አዎ፣ እሳቸው ናቸው የቀበሩት… ቆይ፣ እያወሩ ነው… «ስለ ልጆች አንድ ቀን ተንፍሶ አያውቅም» ይላሉ። «ዘሩ አለቀ ብለን ቀበርነው። በዓመቱ ስግደት የእሱ መቃብር ጋ ማንም አይቆምም» ይላሉ… ስንት ናቸው ልጆቹ ይላሉ… ሚራን፣ ስንት ናቸው?… አባባ፣ መጠለያ ሙሉ ትላለች። እሷም አታውቅም።

— እያለቀሱ ነው መሰለኝ። አይ፣ እየሳቁ ነው። አላውቅም ልጄ፣ ፊታቸውን አዙረዋል።

— ምን አሉ አባባ?… ለዳኛው?… እሺ እነግራታለሁ። ሚራን፣ እሄዳለሁ ይላሉ። ለዳኛው «ደማችን አይደለም» ብዬ እመሰክራለሁ ይላሉ… ቆይ፣ አትጩኺ፣ አልጨረሱም! አባትየው ግን ለዘንድሮው ስግደት ይምጣና ጓንሶክ መቃብር ጋ ይቁም፣ ልጁ ነውና ይላሉ… አባባ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ፍርድ ቤት የእኛ አይደለም ይሉና ኮረብታው ላይ የእኛ ነው ይላሉ? የትኛው ነው እውነቱ?… «ሁለቱም» ይላሉ። ሚራን፣ «ሁለቱም» ነው የሚሉት። እኔ አልገባኝም፣ አንቺ ገብቶሻል?… ካልገባሽ ተይው፣ አትጠይቂያቸው። ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ።

— ፎቶው? ፎቶውማ እዚያው ነው… አባባ፣ ፎቶውን ያነሡታል ወይ ትላለች… «ለምን አነሣዋለሁ? የልጅ ልጄ ባል ሊሆን አይደል እንዴ!» አሉ። ተነሥተው ሄዱ። ጓሮ እየሄዱ ነው፣ ምን እንደሚፈልጉ እንጃ።

— ልጁ የት ነው አሁን?… አጠገብሽ? እስካሁን አጠገብሽ ቆሞ ነው ያን ሁሉ ያስባልሽኝ? ስጪኝ። ስጪኝ እንጂ!

— ሄሎ… አዎ፣ እናቷ ነኝ… ተው፣ አመሰግናለሁ አትበለኝ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ልብህን ቀና አድርግ። ስማ ልጄ፣ ለአባትህ ዛሬውኑ ደውልለት። ሶልጎልን የሚወስድበት ሰው የለም በለው… አዎ፣ እንደዚያ ብለው። ያሳደገው ሰውዬ እዚህ ነው ያለው፣ ኮረብታው ላይ፣ ጥዶቹ ስር… መቃብሩማ ሣርና እሾህ ውጦታል። የሚያጭድለት ልጅ የለውም ብለን ነው የተውነው… ቆይ፣ ሽማግሌው ከጓሮ እየጮኹ ነው… ምን አሉኝ አባባ?… እሺ!… አባትህ ማጭድ ይዞ እንዳይመጣ ንገሪው ይላሉ፤ ለእሱ የሚሆን እየሳሉ ነው።

— ሄሎ?… ሙንሶፕ? ትሰማኛለህ?… ሄሎ? መስመሩ ተቋረጠ ወይስ አንተ ነህ?…

— እሺ።

— እሺ ልጄ… አልቅሰህ ስትጨርስ ደውልለት። እኔ ልዝጋው።