ለአንድ በር የተሰጠ ማዘዣ

የፍርድ ቤቱ ሊፍት ባይበላሽ ኖሮ አባ መብረቅን ደረጃው ላይ ባላገኘናቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የፖሊስ መርማሪ ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈላቸው ፍጥነታቸው ነው። እኔ የዐቃቤ ሕጉ ረዳት ነኝ፤ ከአለቃዬ ኋላ መከተል እንጂ በሰው ፊት መናገር አይቀናኝም።

«ጥሩ ቦታ ተገናኘን። ዳኛው ችሎት ሊገቡ ነው፤ ቶሎ ፈርምልኝ» አሉት አለቃዬን፣ የብርበራ ማዘዣ ማመልከቻቸውን እየዘረጉ።

ጉዳዩን እናውቀዋለን። ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሰው የልጃገረዶችን የግል ፎቶ በኢንተርኔት እየሰረቀ ገንዘብ አምጡ እያለ ያስፈራራቸዋል፤ እምቢ ያለችውን ፎቶዋን በድረ ገጹ ላይ ያወጣባታል። አሁን ተራው የአንዲት ተማሪ ነው። የሰጣት ጊዜ እስከ ማታ ነበር።

አለቃዬ እንደቆመ አነበበ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ‹ገጹን የከፈተ ሁሉ› ይላል።»

«አዎ። ሰላይ ፕሮግራሙን ገጹ ላይ እናስቀምጣለን፤ የከፈተው ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል። አስፈራሪውም ከመካከላቸው አይጠፋም፤ አበጥረን እናወጣዋለን።»

«የሌሎቹስ ስልክ?»

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«አንድ ሌባ ለመያዝ የሰፈሩን በር ሁሉ ይሰብራሉ?»

«በርና ስልክ ምን አገናኛቸው?»

«ስልክማ ይብሳል። ቤትዎ ስገባ ያዩኛል፤ ስልክዎ ውስጥ ስገባ ግን አያዩኝም። ሕጉ የማን ስልክ፣ ምን ሊወሰድ፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።»

«አንተ ጠይቅ። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ዕንቁላልህ በእግሩ እስኪሄድ ልጅቷ ትጠብቅ?»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ደቂቃ ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። ሕጉ ልጅቷ ፊት የቆመ መሰናክል መሰለኝ።

ጭቅጭቁን ሰምተው የልጅቷ እናት ከላይኛው ኮሪደር ወረዱ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ጋሼ፣ አሁንም ከፍቼ አየሁት። እስካሁን አላወጣም።»

አለቃዬ ዘወር አለ። «እናቴ፣ ገጹን እርስዎ ይከፍቱታል?»

«በየጊዜው ነዋ። ‹ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ› ብለው ጋሼ አዘውን የለ? ልጄም ትከፍታለች። አቤት ያልን እናቶች ሁሉ እንደዚያው ነን።»

አባ መብረቅ ማመልከቻውን አጥፈው ያዙት።

«ልጅቷ ስልክ ውስጥ ምን አለ?» አላቸው አለቃዬ አባ መብረቅን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ፎቶዎቹ» አሉ።

«እንግዲህ አስቀድመን የምንገባው እነሱ ስልክ ውስጥ ነው። እሱ የሰረቀውን እኛ ደግመን ልንወስድባቸው። ደግሞ ጠበቃው ማዘዣው ልቅ ነው ብሎ ማስረጃውን ቢያስጥልብንስ? ይዘን መልቀቅ ነው።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ አባ መብረቅ ለራሳቸው። ሌላ ሰው ቢላቸው ኖሮ ይቆጡ ነበር። ብዕር አወጡ። «በል የተማርከው፣ ጊዜ ሳንፈጅ እንዴት እናጥብበው?»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እነሱ እየተቀባበሉ እየነገሩኝ ጻፍኩት። ፕሮግራሙ በልጅቷና በእናቷ ፈቃድ፣ ከልጅቷ አካውንት ለአስፈራሪው ብቻ በሚላክ ፋይል ውስጥ ይገባል። የሚወስደው ሰውየው ከየት ሆኖ ኢንተርኔት እንደሚጠቀም የሚያሳየውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ካሜራና ማይክሮፎን አይነካም፤ ነገ ጠዋት ይቆማል። ተሳስቶ ሌላ ሰው ስልክ ከገባ የተገኘው ሁሉ ይሰረዛል፤ ባለቤቱም ይነገረዋል። የመጨረሻዋን ያስጨመሩት ራሳቸው አባ መብረቅ ናቸው።

ዳኛው ችሎቱን አዘግይተው ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነበር፤ እናትየው ስልኩን ሲያዩ እኔ እሳቸውን አያለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስፈራሪው ፋይሉን ከፈተው፤ ከነኮምፒዩተሩ ተያዘ። በኋላም ጠበቃው ማዘዣውን ቢያገላብጠው ቀዳዳ አጣበት፤ ሰውየው ተፈረደበት። ልጓም ፈረሱን እንደማያስቀረው፣ ይልቁንም ካሰበበት እንደሚያደርሰው ያን ጊዜ ገባኝ። ወሰን ያለው ማዘዣ ጥፋተኛውን ይይዛል፣ የያዘውን አያስለቅቅም፣ የተበደለውንም ደግሞ አይበድልም።

መያዙ በተሰማበት ምሽት እናትየው አሁንም ስልካቸውን እንደጨበጡ ነበሩ።

«ማየቱን ልተወው?» ብለው ጠየቁ።

«ይተዉት፣ እህቴ» አሉ አባ መብረቅ። «ስልክዎ ውስጥ ማንም አልገባም።» ወደ አለቃዬ እያዩም፣ «እኛም ጭምር» አሉ።