አብሾ የጠጣ ልጅ

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚሄድ የጭነት መኪና፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። ከጎኔ አንዲት የስማዳ እናት አንድ ሽማግሌ የድጓ መምህርን ታዋራለች።

«የኔታ፣ ልጄ ድጓ ሊማር ጋይንት ቤተ ልሔም ገብቶ፣ ትምህርት እንዲገባው ብሎ አብሾ ጠጣ አሉኝ። ቅጠሉ ያሳብዳል የሚሉት እውነት ነው?»

«እኔም በልጅነቴ ጠጥቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አደረገዎ?»

«አፌ ደረቀ፣ ዓይኔ ፈዘዘ። እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ የገብሱ ማሳ ሲያዜም ሰማሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሰማሁት አይጠፋኝም። የጥንቱም ሳይቀር ተመለሰ፤ እናቴ አዝላኝ እሹሩሩ ያለችኝ ይኸው ዛሬም ይሰማኛል።»

«ክፉ ቃልም አይጠፋ?»

«ክፉም ደጉም።»

«ወይኔ! በሬ እንደ ተጠመደ ጥሎ ሊማር ሲጠፋ፣ ‹ዳግም ዓይንህን አያሳየኝ› ብዬ ረግሜዋለሁ።»

መኪናው ዳገቱን ሲጨርስ የኔታ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«በይ ሂጂና መርቂው። እሱንም አይረሳውም።»

እኔ ግን ነፋስ መውጫ እስክንገባ፣ እናቴ ስትሸኘኝ ያለችኝን የመጨረሻ ቃል ባስበው ባስበው አልመጣልህ አለኝ።